ብሪታንያ በፓስፊክ ውል ውስጥ ምን ታደርጋለች? የፓስፊክ አገሮች የንግድ ስምምነት አሠራር ሲብራራ

ዲሴምበር 15 ቀን 2024 ብሪታንያ የፓስፊክ አገሮች የንግድ ስምምነት አሥራ ሁለተኛ አባል ሆነች። ካርታ የሚያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ ግር ቢለው አይፈረድበትም፤ ብሪታንያ የምትገኘው በአትላንቲክ ዳር ነው፣ ፓስፊክ ደግሞ ከእሷ አንጻር የዓለም ሌላው ጫፍ ነው። ግርታው ግን ስምምነቱን ለመረዳት ጥሩ መነሻ ይሆናል። ውሉ ሲጀመር በአንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ያሉ አገሮች ጉዳይ ቢሆንም፣ እያደር ከባሕሩ ይልቅ ደንቡ ገዥ ሆኗል። ደንቡን እቀበላለሁ ያለ፣ የቀድሞዎቹን አባላት ሁሉ ፈቃድ ያገኘና መቀበሉንም በተግባር ያሳየ አገር ከየትም ቢመጣ ሊገባ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ደንቡ ምን እንደሚል፣ አንድ ዕቃ ወይም አንድ የኮምፒውተር መረጃ ድንበር ሲሻገር ምን እንደሚለወጥ፣ ደንቡን የጣሰ አገርስ ምን እንደሚገጥመው ያስረዳል። ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስምምነቱ ከየት መጣ? ስሙስ ለምን ረዘመ?

ሙሉ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሁሉን አቀፍና ተራማጅ የፓስፊክ ተሻጋሪ አጋርነት ስምምነት» ነው፤ በእንግሊዝኛው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ሲፒቲፒፒ ይባላል። ስሙ ላይ ቅጽል የተደረበበት ስምምነቱ አንድ ጊዜ ፈርሶ እንደገና የተገነባ ስለሆነ ነው።

ነገሩን የጀመሩት አራት አነስተኛ ኢኮኖሚ ያላቸው አገሮች ናቸው። ሲንጋፖር፣ ኒውዚላንድ፣ ቺሊና ብሩናይ በ2005 ተፈራርመው በ2006 ሥራ ላይ ያዋሉት ውል በዓለም ንግድ ሚዛን ላይ ብዙም የሚታይ አልነበረም፤ አንዳቸውም ለሌላቸው ትልቅ ገበያ አልነበሩምና። ሆኖም ውሉን የጻፉት ሌሎች አገሮች በኋላ ሊገቡበት በሚችሉበት አኳኋን ነበር። ይህ አርቆ ማሰብ ፍሬ አፈራ፤ አሜሪካ፣ አውስትራሊያ፣ ፔሩና ቬትናም፣ ቀጥሎም ማሌዥያ፣ ካናዳ፣ ሜክሲኮና ጃፓን ወደ ድርድሩ መጡ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2016 በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ አሥራ ሁለቱ አገሮች «የፓስፊክ ተሻጋሪ አጋርነት» የተባለውን፣ ሠላሳ ምዕራፍ ያለውን ውል ፈረሙ። በጊዜው እነዚህ አገሮች ከዓለም ጠቅላላ ምርት 40 በመቶ ያህሉን ይይዙ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 23 ቀን፣ ዶናልድ ትራምፕ ቃለ መሐላ በፈጸሙ በሦስተኛው ቀን፣ አሜሪካ ከስምምነቱ እንድትወጣ አዘዙ። የአንድ አገር መውጣት ውሉን ሙሉ በሙሉ ያቆመበት ምክንያት ግን በራሱ በውሉ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ሁሉም ፈራሚዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ካላጸደቁት፣ ውሉ ሥራ ላይ የሚውለው ከፈራሚዎቹ ጠቅላላ ምርት ቢያንስ 85 በመቶውን የያዙ ስድስት አገሮች ሲያጸድቁት ብቻ ነው ይል ነበር። አሜሪካ ብቻዋን ከግማሽ በላይ ስለምትይዝ፣ የቀሩት አሥራ አንዱ ቢደመሩ እንኳን ቁጥሩ አይሞላም።

አሥራ አንዱ አገሮች ግን በተለይ በጃፓን ግፊት ሥራውን አልተዉትም። ማርች 8 ቀን 2018 በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ አዲስ ውል ፈረሙ። አዲሱ ሰነድ ራሱ ጥቂት አንቀጾች ብቻ ያሉት አጭር ጽሑፍ ነው፤ የቀድሞውን ውል እንዳለ የዚህ ውል አካል ነው ብሎ ይደነግግና፣ 22 ድንጋጌዎችን ለይቶ በይደር ያስቀምጣል። በይደር የተቀመጡት አብዛኞቹ አሜሪካ አጥብቃ የጠየቀቻቸው ነበሩ። ለምሳሌ የቅጂ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት ይጸናል የሚለው፣ እንዲሁም ከሕያው ነገር ለሚሠሩ ዘመናዊ መድኃኒቶች ረጅም የመረጃ ጥበቃ የሚሰጠው ይገኙባቸዋል። እነዚህ ድንጋጌዎች አልተሰረዙም፤ አባላቱ በአንድ ድምፅ ካልተስማሙ በቀር ግን አይሠሩም። የማጽደቂያውም ደንብ ተለወጠ፤ ስድስት አገሮች ወይም ከፈራሚዎቹ ግማሹ፣ አነስተኛው ቁጥር ከተሟላ በቂ ሆነ። በዚህ መሠረት ዲሴምበር 30 ቀን 2018 በሜክሲኮ፣ በጃፓን፣ በሲንጋፖር፣ በኒውዚላንድ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ መካከል ሥራ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ አገሮች የመጨረሻዋ ብሩናይ ነበረች፤ እሷም በጁላይ 2023 ገባች። በጣም አስተማሪ ሆኖ የታየኝ ይህ ነው፤ ትልቁ ባለ ገበያ ሲወጣ ደንቡን የጻፉት አነስተኛ አገሮች ይዘውት ቀሩ።

ኤፔክ ከሚባለው በምን ይለያል?

ብዙ ጊዜ በዜና ላይ የፓስፊክ አገሮች መሪዎች በአንድ ረድፍ ቆመው ፎቶግራፍ ሲነሱ የምናየው በኤፔክ ጉባኤ ላይ ነው። ኤፔክ፣ ማለትም የእስያና የፓስፊክ የኢኮኖሚ ትብብር፣ በ1989 በአውስትራሊያ ካንቤራ በአሥራ ሁለት መሥራቾች ተቋቋመ፤ ዛሬ 21 አባላት አሉት። አባላቱ «አገሮች» ሳይሆን «ኢኮኖሚዎች» የሚባሉት፣ ቻይና፣ ሆንግ ኮንግና ቻይኒዝ ታይፔ በሚል ስም የምትጠራው ታይዋን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ ስለተፈለገ ነው። አሜሪካም ሩሲያም አባል ናቸው።

ልዩነቱን ለመረዳት የሰፈር ምሳሌ ይጠቅማል። ጎረቤቶች ቡና ላይ ተሰብስበው «ይህ መንገድ ጭቃ ሆኗልና ብናስጠርገው» ቢባባሉ መልካም ነው፤ ግን አንዱ ሳይመጣ ቢቀር የሚጠይቀው የለም። እድር ከሆነ ግን መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ አባል ለመሆን የመግቢያ ክፍያና የነባሮቹ ይሁንታ ያስፈልጋል፣ መዋጮ ያጓደለ ወይም ቀብር ላይ የቀረ ይቀጣል። ኤፔክ የቡናው ስብሰባ ነው፤ ሲፒቲፒፒ እድሩ ነው።

ይህ ማለት ግን የቡናው ስብሰባ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ1994 የኤፔክ መሪዎች በኢንዶኔዥያ ቦጎር ላይ ተሰብስበው የበለጸጉት አባላት እስከ 2010፣ የቀሩት እስከ 2020 ንግዳቸውን ነፃ ለማድረግ ቃል ገቡ፤ ቃሉ አስገዳጅ ስላልነበረ በተባለው ልክ አልተፈጸመም። በ1996 ግን በፊሊፒንስ ሱቢክ የተሰበሰቡት መሪዎች በኮምፒውተር፣ በሴሚኮንዳክተርና በቴሌኮም መሣሪያዎች ላይ ያለው ቀረጥ እንዲነሳ ድጋፋቸውን ሰጡ፤ በሚቀጥለው ወር የዓለም ንግድ ድርጅት ሚኒስትሮች ሲንጋፖር ላይ ሲሰበሰቡ ይኸው ሐሳብ አስገዳጅ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ስምምነት ሆነ። ዛሬ በርካሽ የምንገዛው የኮምፒውተርና የስልክ ዕቃ ዋጋ ውስጥ የዚያ ውሳኔ ድርሻ አለበት። አስቀድሞ መነጋገሪያ መድረክ ባይኖር ኖሮ አስገዳጁ ውል በአንድ ወር ውስጥ ባልተገኘም ነበር።

ቀረጥ ይነሳል ሲባል ምን ማለት ነው?

ቀረጥ አንድ አገር ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ጉምሩክ በር ላይ የሚጥለው ግብር ነው። የንግድ ስምምነት ቀረጥ ያነሳል ሲባል ብዙ ሰው በአንድ ሌሊት የሚጠፋ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ብዙውን ጊዜ በዓመታት የተከፋፈለ የቅነሳ ሠንጠረዥ መኖሩ ነው። እያንዳንዱ አባል ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት የራሱን ሠንጠረዥ ከውሉ ጋር አያይዟል።

የጃፓንን የበሬ ሥጋ እንውሰድ። ጃፓን የራሷን ከብት አርቢዎች ለመጠበቅ ከውጭ በሚገባ ትኩስ፣ የቀዘቀዘና በረዶ የሆነ የበሬ ሥጋ ላይ 38.5 በመቶ ቀረጥ ትጥል ነበር። ዋጋው 1,000 ዶላር የሆነ ሥጋ ከካናዳ ቢመጣ 385 ዶላር ቀረጥ ይከፈልበታል ማለት ነው። ስምምነቱ ሥራ እንደጀመረ ይህ ወደ 27.5 በመቶ ወረደ፤ ከዚያም በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ በአሥራ ስድስተኛው ዓመት 9 በመቶ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ያው ሥጋ በመጨረሻ የሚጠየቀው 90 ዶላር ነው። ሥጋው ከተወሰነ መጠን በላይ ቢጎርፍ ጃፓን ቀረጡን ለጊዜው ከፍ እንድታደርግ የሚፈቅድ መጠባበቂያም አለ፤ አርሶ አደሮቿ ውሉን እንዲታገሡት ያደረጋቸው አንዱ ይህ ነው።

አሁን ከስምምነቱ የወጣችውን አሜሪካን እናስብ። ከዲሴምበር 30 ቀን 2018 ጀምሮ የካናዳና የኒውዚላንድ ሥጋ 27.5 በመቶ ሲከፍል፣ የአሜሪካ ሥጋ ግን በዚያው ጃፓን ገበያ ውስጥ 38.5 በመቶ መክፈሉን ቀጠለ። የአሜሪካ ከብት አርቢዎች ቅሬታ ከፍ ብሎ ተሰማ፤ መንግሥታቸውም በኦክቶበር 2019 ከጃፓን ጋር ለብቻው ውል ፈርሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ለሥጋው ተመሳሳይ ቅናሽ አገኘ። የንግድ ስምምነት ኃይሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ውስጥ ያለውን ከሚጠቅመው ባላነሰ ውጭ ያለውን ከተፎካካሪው ጀርባ ያስቀራል፣ በዚህም ውጭ የቀረው እንዲመለስ ወይም ሌላ በር እንዲፈልግ ያስገድደዋል።

ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጊዜም ዋጋ አለው። ውሉ ጉምሩክ በተቻለ መጠን ዕቃን በደረሰ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲለቅ፣ ፈጣን መልእክት ደግሞ በመደበኛ ሁኔታ አስፈላጊው ሰነድ በቀረበ በስድስት ሰዓት ውስጥ እንዲለቀቅ ያዛል። ኮንቴይነር ወደብ ላይ ታስሮበት በየቀኑ የመጋዘን ክፍያ የቆጠረ አስመጪ ይህ አንቀጽ ምን ያህል እንደሚያወጣ አስረጂ አያሻውም።

አንድ ዕቃ «የአባል አገር ምርት» የሚባለው መቼ ነው?

የቀረጥ ቅናሹ የሚሰጠው ለአባላት ምርት ብቻ ነው። ታዲያ በዛሬው ዓለም አንድ ዕቃ የማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ በንግድ ውል ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ገጽ የሚፈጀውና ተደራዳሪዎችን የሚያጨቃጭቀው ይህ ነው። መልሱን የሚወስነው የሥሪት አገር ደንብ ይባላል።

በሽሮ ሜዳ ገበያ የምትሸጥ አንዲት ነጠላ እናስብ። የዶርዜ ሸማኔ እዚያው አዲስ አበባ ላይ ሸምኗታል፤ ክሩ ግን ከውጭ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ናት ወይስ አይደለችም? ሸማኔውን ብንጠይቀው «የእጄ ሥራ ናት» ይለናል፣ ትክክልም ነው። በሲፒቲፒፒ ዋና የጨርቃ ጨርቅ ደንብ ብትለካ ግን ነጠላዋ አታልፍም፤ ምክንያቱም ደንቡ «ከክር ጀምሮ» የሚል ነው። ጥጡ ከየትም ይምጣ፣ ክሩን ከመፍተል ጀምሮ ሽመናውም፣ ቆረጣውም፣ ስፌቱም በአባል አገሮች ውስጥ መሠራት አለበት።

ይህ ደንብ በተለይ ቬትናምን ይመለከታል። ቬትናም ከዓለም ታላላቅ ልብስ ላኪዎች አንዷ ስትሆን፣ ከምትሰፋው ጨርቅ ብዙው የሚመጣው አባል ካልሆነችው ከቻይና ነው። ስለዚህ ሆ ቺ ሚን ከተማ ላይ በቻይና ጨርቅ የተሰፋ ሸሚዝ ካናዳ ሲደርስ የስምምነቱን ቅናሽ አያገኝም። ሸሚዙ ክሩ ጃፓን ተፈትሎ፣ ጨርቁ ማሌዥያ ተሸምኖ፣ ቬትናም ላይ ቢሰፋ ግን ያገኛል፤ የአባላት ሥራ እንደ አንድ አገር ሥራ ተደምሮ ይቆጠራልና። ይህ መደመር ለፋብሪካ ባለቤት ትልቅ ማባበያ ነው፤ ግብዓቱን ከአባላት መካከል እንዲገዛ፣ ከዚያም አልፎ የክርና የሽመና ፋብሪካ በአባል አገር እንዲተክል ይገፋፋዋል። በገበያ የማይገኙ ተብለው ለተዘረዘሩ የተወሰኑ ጨርቆች ልዩ ፈቃድ አለ፤ ከዚያ ውጪ ደንቡ ጥብቅ ነው።

የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች የዚህን ደንብ ተቃራኒ በራሳቸው ሕይወት ያውቁታል። አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች በሰጠችው አጎዋ በተባለው የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ በኢኮኖሚ ዝቅተኛ ለሆኑ ተጠቃሚዎች ከየትኛውም አገር በመጣ ጨርቅ ልብስ ሰፍቶ መላክ ይፈቀድ ነበር። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገና ሲከፈት ባለሀብቶችን ከሳቡት ነገሮች አንዱ ይኸው ልል የሥሪት ደንብ ነበር። ሆኖም አጎዋ አንድ አገር ለሌሎች የሚሰጠው ዕድል እንጂ ሁለት ወገን የፈረሙት ውል አይደለም፤ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊያነሳው ይችላል፣ ኢትዮጵያም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከተጠቃሚነት ወጣች። በሲፒቲፒፒ አንድ አገር ሌላውን በዚህ መንገድ ማስወጣት አይችልም፤ ራሱ መውጣት የፈለገ ግን የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት ይችላል። በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ድርድርም የልብስና የመኪና የሥሪት ደንብ ከሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ ወደ ኋላ የቀረው ይኸው ጥያቄ፣ የማን ክርና የማን ብረት ይቆጠር የሚለው፣ ከባድ ስለሆነ ነው።

ቴክኖሎጂና መረጃ ከንግድ ውል ጋር ምን አገናኛቸው?

ቀድሞ የንግድ ውል የሚናገረው በመርከብ ስለሚጫን ዕቃ ነበር። ዛሬ ሳንቲያጎ ላይ ያለ ትንሽ ድርጅት የሂሳብ መያዣ ሶፍትዌር ሠርቶ ኦክላንድ ላለ ሱቅ ሊሸጥ ይችላል፤ የሚጫን ሳጥን የለም፣ ጉምሩክ በርም አያልፍም። የደንበኛው መረጃ ግን ባሕር ይሻገራል። የሲፒቲፒፒ አሥራ አራተኛ ምዕራፍ የተጻፈው ለዚህ ነው።

ምዕራፉ አባላት በኤሌክትሮኒክ መንገድ በሚተላለፍ ነገር ላይ ቀረጥ እንዳይጥሉ ይከለክላል። አንድ ኩባንያ በአገሬ ለመሥራት ሰርቨርህን እዚሁ ትከል ተብሎ እንዳይገደድ፣ የንግድ መረጃም ድንበር እንዲሻገር እንዲፈቀድለት ያዛል። ሶፍትዌር ለማስገባትም ሆነ ለመሸጥ የፕሮግራሙን ውስጣዊ ጽሑፍ፣ ማለትም ሶርስ ኮዱን፣ ለመንግሥት ወይም ለሌላ ወገን አስረክብ ብሎ መጠየቅ በመርህ ደረጃ አይቻልም። ለሶፍትዌር ሠሪ ይህ ኮድ ለጠጅ ጣይ ቤት ሙያዋ እንደሆነው ሁሉ የገቢው ምንጭ ነው፤ አንዴ ከእጁ ከወጣ አይመለስም።

ይህ ሲባል መንግሥታት እጃቸው ታስሯል ማለት አይደለም። ስለ መረጃ ዝውውርና ስለ ሰርቨር ቦታ የተጻፉት ግዴታዎች ሕጋዊ የሕዝብ ጥቅምን ለመጠበቅ የሚወሰድ እርምጃን የሚፈቅድ በር አላቸው፤ እርምጃው ግን ለንግድ አድልዎ መሸፈኛ መሆን፣ ከሚያስፈልገውም በላይ ጥብቅ መሆን የለበትም። የባንክና የኢንሹራንስ ተቋማት ከዚህ ምዕራፍ ውጪ ናቸው። አባላትም የግለሰቦችን መረጃ የሚጠብቅና የበይነ መረብ ሸማቾችን ከማታለል የሚከላከል ሕግ እንዲኖራቸው ይጠበቃል። የሚያከራክረው «ሕጋዊ የሕዝብ ጥቅም» የት ይጀምራል፣ የትስ ያበቃል የሚለው ነው።

ሦስቱ ቀዳሚዎች፣ ሲንጋፖር፣ ኒውዚላንድና ቺሊ፣ በዚህ ሳይወሰኑ ጁን 12 ቀን 2020 ለዲጂታል ኢኮኖሚ ብቻ የሚሆን አጋርነት ፈረሙ፤ ዴፓ ይባላል። ስለ ኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ፣ አንዱ አገር የሰጠው ዲጂታል መታወቂያ በሌላው ስለሚታወቅበት መንገድ፣ ከወረቀት ነፃ ስለሆነ የንግድ ሰነድ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባርም ይናገራል። ቋንቋው ብዙ ቦታ ላይ «ይተባበራሉ»፣ «ይጥራሉ» የሚል ለስላሳ ነው፤ ቴክኖሎጂው ገና በሚለዋወጥበት ጊዜ ጠንካራ ግዴታ መጻፍ አደገኛ ስለሆነ ይህ ማስተዋል ይመስለኛል። ደቡብ ኮሪያ በሜይ 2024 ተቀላቅላለች፤ ቻይናና ካናዳም ለመግባት ጠይቀዋል። እንደገና ያው ታሪክ ነው፤ ትንንሾቹ ደንብ ይጽፋሉ፣ ትልልቆቹ በሩን ያንኳኳሉ።

ደንቡን የጣሰ አገር ምን ይደርስበታል?

ውሉ አስገዳጅ ነው ሲባል የሚታመነው ተከራካሪዎች በእርግጥ ተሟግተው ሲታይ ነው። የመጀመሪያው ሙግት የተነሳው በወተት ምክንያት ነበር፤ ከሳሽ ኒውዚላንድ፣ ተከሳሽ ካናዳ።

ካናዳ የወተት ገበሬዎቿን ለመጠበቅ ከውጭ በሚገባ ቅቤ ላይ 298.5፣ በአይብ ላይ 245.5 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ትጥላለች። በዚህ ቀረጥ የሚገባ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። ስምምነቱን ስትፈርም ግን 16 ዓይነት የወተት ተዋጽኦ ኮታዎችን ከፈተች፤ በኮታው ልክ የሚገባው ዕቃ ከዚህ ከባድ ቀረጥ ነፃ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ በሩ ተከፍቷል። ጥያቄው ቁልፉ ለማን ተሰጠ የሚለው ነበር። ካናዳ አብዛኛውን የኮታ ፈቃድ የመደበችው ለራሷ ወተት አቀነባባሪዎች ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከውጭ ከሚመጣው ቅቤና አይብ ጋር የሚፎካከሩ ስለሆኑ ፈቃዱን አሟጠው የሚጠቀሙበት ምክንያት አልነበራቸውም። ቸርቻሪ መደብሮች በበኩላቸው ለኮታው ማመልከት አይችሉም ነበር። ኮታው በየዓመቱ ሳይሞላ ቀረ።

ኒውዚላንድ በሜይ 2022 ክርክሩን ከፈተች። ውሉ እንደሚያዘው አስቀድሞ በምክክር ተሞከረ፤ አልሆነም። ከዚያ ሦስት አባላት ያሉት የዳኝነት ጉባኤ ተሰየመ፣ በሴፕቴምበር 2023ም ፈቃዱን ለአቀነባባሪዎች ለይቶ ማስያዝ ውሉን ይጥሳል ብሎ ለኒውዚላንድ ፈረደ። ካናዳ ማስተካከያ አደረግሁ አለች፤ ኒውዚላንድ አልበቃኝም ብላ ቀጠለች። በመጨረሻ በጁላይ 2025 ሁለቱ ጥቅም ላይ ያልዋለ ኮታ ፈጥኖ ለሌሎች አስመጪዎች እንዲደርስ በሚያደርግ አሠራር ተስማምተው ጉዳዩን ዘጉ።

ካናዳ እምቢ ብላ ቢሆን ኖሮስ? ፖሊስ የለም፣ እስር ቤትም የለም። ያለው አሸናፊው ካሣ መጠየቅ፣ ካልተስማሙም ለተሸናፊው የሰጠውን የቀረጥ ቅናሽ በጉዳቱ ልክ መልሶ መንጠቅ ነው። ይህ ደካማ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የተነጠቀው ቅናሽ በካናዳ ላኪዎች ኪስ ላይ ያርፋል፤ ላኪዎቹም የራሳቸውን መንግሥት ይወተውታሉ። አምስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ኒውዚላንድ ከእሷ ብዙ እጥፍ የምትበልጠውን አገር በጽሑፍ ደንብ ይዛ ማሸነፏ፣ ትንንሽ አገሮች ለምን የተጻፈ ደንብ እንደሚመርጡ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል።

አርሴፕ የሚባለውስ ሌላ ነው?

አዎን፣ ሌላ ነው፤ በዜና ግን ይምታታል። አርሴፕ ኖቬምበር 15 ቀን 2020 አሥሩ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ማኅበር አገሮች፣ ቻይና፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የፈረሙት፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ውል ነው። በሕዝብ ብዛትም በምርትም ከዓለም 30 በመቶ ገደማ ስለሚይዝ በስፋቱ ይበልጣል፤ በጥልቀቱ ግን ያንሳል። ስለ ሠራተኛ መብት፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ፣ ስለ መንግሥት የልማት ድርጅቶች ምዕራፍ የለውም። የሥሪት ደንቡም ልል ነው፤ ለብዙ ዕቃዎች ከዋጋው 40 በመቶው በአባላት ውስጥ መጨመሩ ይበቃል። ሰባት አገሮች፣ ማለትም ጃፓን፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ሲንጋፖር፣ ማሌዥያ፣ ብሩናይና ቬትናም፣ በሁለቱም ውስጥ አሉ፤ ላኪዎቻቸው ለአንድ ዕቃ የሚሻላቸውን ውል መርጠው ይጠቀማሉ።

ማን ሊገባ ይችላል? ቻይናስ ለምን ትጠብቃለች?

አዲስ አመልካች ሦስት ነገር ይጠየቃል። የስምምነቱን ከፍተኛ ደረጃ ለማሟላት ዝግጁ መሆኑን ማሳየት፣ ከዚህ ቀደም የገባቸውን የንግድ ግዴታዎች የማክበር ልማድ እንዳለው ማስመስከር፣ የአባላቱን ሁሉ ይሁንታ ማግኘት። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ አንድ አባል ብቻ ቢቃወም ድርድሩ አይጀመርም።

ብሪታንያ በፌብሩዋሪ 2021 አመለከተች፣ በጁላይ 2023 ኦክላንድ ላይ ፈረመች፣ ሥራ ላይ የዋለው በዲሴምበር 2024 ነው፤ ወደ አራት ዓመት ፈጀባት ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀንም ከስምንት አባላት ጋር ብቻ ነው የጀመረው፣ ከቀሩት ጋር ገና አልጸናም ነበርና። ለመግባት በማሌዥያ የዘንባባ ዘይት ላይ ያላትን ቀረጥ ለማንሳት ተስማምታለች። የራሷ መንግሥት ያወጣው ግምት ስምምነቱ በረጅም ጊዜ ለኢኮኖሚዋ የሚጨምረው ከ0.1 በመቶ በታች እንደሆነ ይናገራል፤ ከማሌዥያና ከብሩናይ በቀር ከሁሉም አባላት ጋር አስቀድሞ የተናጠል ውል ስለነበራት ነው። ታዲያ ለምን ደከመች? ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ ደንብ በሚጻፍበት ክፍል ውስጥ ወንበር ማግኘት ከቅናሹ ይልቅ ስለከበደባት ነው።

ቻይና ሴፕቴምበር 16 ቀን 2021፣ ታይዋን ከስድስት ቀን በኋላ አመለከቱ። የቻይና ማመልከቻ ሦስት የሚያከራክሩ ጉዳዮች አሉት። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች በንግድ መርህ ብቻ እንዲሠሩ የሚያዘው ምዕራፍ፣ መረጃ ድንበር እንዲሻገር የሚያዘው፣ ሠራተኞች በነፃ እንዲደራጁ የሚለው፣ ሁሉም ከቻይና ወቅታዊ አሠራር ጋር የሚጋጭ ነገር አለባቸው። በዚህ ላይ ቻይና ታይዋን መግባት የለባትም የሚል አቋም አላት፤ አንዱን ማስቀደም ለሌላው መልስ ይሆናልና አባላቱ ሁለቱንም ማመልከቻዎች አላንቀሳቀሱም። ከእነሱ በኋላ ያመለከተችው ኮስታ ሪካ ግን በኖቬምበር 2024 የመግቢያ ሂደቷ እንዲጀመር ተፈቀደላት። የቻይናም ሆነ የታይዋን ጉዳይ ወደፊት ሲነሳ መወሰን ያለባቸው አሥራ ሁለቱም አባላት ናቸው፤ ከእነዚህም አንዷ፣ ባሕሩን የማትነካው ብሪታንያ ናት።